ሦስተኛ ወጥቶ የተረፈው ዘፋኝ

የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው ያሸነፈውን ነው። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለቱንም ጊዜ ያልቀናው አንድ ስኮትላንዳዊ ነው። ዳሪየስ ዳኔሽ ይባላል፤ ኋላ ላይ ዳሪየስ ካምቤል በሚል ስም ሠርቷል። ይህን ልጅ የጠቀመው አለማሸነፉ ነው ባይ ነኝ።

ዳሪየስ የግላስጎው ልጅ ነው። አባቱ ኢራናዊ፣ እናቱ ስኮትላንዳዊት፣ ሁለቱም ሐኪሞች። እሱ ደግሞ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ አይቲቪ የተባለው የብሪታንያ ጣቢያ «ፖፕስታርስ» የሚል ውድድር ማሳየት ሲጀምር ገና የ20 ዓመት ወጣት ነው። ፀጉሩን ከኋላ አስሮ፣ አገጩ ላይ ጺም አስቀርቶ ዳኞች ፊት ቀረበ። ካቀረባቸው ዘፈኖች አንዱ የብሪትኒ ስፒርስ «ቤቢ ዋን ሞር ታይም» ነበር። በስሜት ሰጥሞ፣ ከልኩ በላይ አጋኖ ዘፈነው። አገር ምድሩ ሙድ ያዘበት። በውድድሩ በተቋቋመው የዘፋኞች ቡድን ውስጥም ሳይገባ ቀረ። ኮሜዲያኑም ጋዜጦቹም መሳቂያ አደረጉት።

እኔ ብሆን ከቤት አልወጣም ነበር። እሱ ግን በዚያው ዓመት ተመልሶ መጣ፣ ያውም ካሜራ ፊት።

ይህኛው ውድድር «ፖፕ አይዶል» ይባላል። ዛሬ በየአገሩ፣ እኛም ጋ በ«ባላገሩ አይዶል» የምንሰማው «አይዶል» የሚለው ስም መነሻው ይህ ፕሮግራም ነው። ዳሪየስ ጺሙን ተላጭቶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ ቀረበ። መጀመሪያ መጨረሻዎቹ አሥር ውስጥ አልገባም ነበር። ሪክ ዋለር የተባለው ተወዳዳሪ ጉሮሮውን ታሞ ሲወጣ ነው ክፍት ቦታው ለእሱ የተሰጠው። ያቺን ዕድል ይዞ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ሄደ። ሲሳለቅበት የነበረው ሕዝብ ራሱ ስልክ እየደወለ ድምፅ ሰጠው። በየካቲት 2002 በተካሄደው ፍጻሜ ዊል ያንግ አንደኛ፣ ጋሬዝ ጌትስ ሁለተኛ ወጡ። በዚያች ምሽት ብቻ 8.7 ሚሊዮን ድምፅ ነው የተሰጠው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተለመደ ነው፤ ወድቆ የተነሳ ልጅ። ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ሳይመን ኮዌል የቀረጻ ውል አቀረበለት። ዳሪየስ እምቢ አለ። የራሴን ዘፈን ነው መሥራት የምፈልገው ብሎ። በወቅቱ ብዙ ሰው ልጁ አበደ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አንድ ዓመት ሙሉ ሲሳቅበት የነበረ ሰው፣ በሩ ሲከፈትለት መልሶ ይዘጋዋል?

የእምቢታው ምክንያት የሚገባን የውድድሩን አሠራር ስናይ ነው። በ«ፖፕ አይዶል» ፍጻሜ ሁለቱም ተፋላሚዎች የዘፈኑት ያንኑ የተዘጋጀ ዘፈን ነበር። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ዘፈኑ አስቀድሞ አለቀ ማለት ነው። የቀረው የዘፋኙ ድምፅና የሽፋኑ ፎቶ ብቻ ነው። ያው ዘፈን ከዚያ በፊት ዌስትላይፍ በተባለው የዘፋኞች ቡድን የተዘፈነ ነው። ዊል ያንግ ሲያወጣው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እንግዲህ ያን ያህል ሰው የገዛው ዜማውን ወዶ ነው ወይስ ለወራት ሲያየው የከረመውን ልጅ ወዶ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ዊል ያንግ ከዚያ በኋላ በራሱ ሥራ ዘልቋል፤ ያንን መካድ አልችልም። ሁሉም ግን እንደሱ አልቀናውም።

ዳሪየስ ሜርኩሪ ሪከርድስ ወደተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሄደ። ዩቱ ከተባለው የሮክ ባንድ ጋር በሠራው በስቲቭ ሊሊዋይት ፕሮዲዩሰርነት የራሱን ዘፈኖች ቀረጸ። «ከለርብላይንድ» የተባለው ነጠላ ዜማው በነሐሴ 2002 በብሪታንያ ሰንጠረዥ ቁጥር አንድ ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆየ። ውድድሩ ካለቀ ገና ስድስት ወሩ ነው። «ዳይቭ ኢን» የተባለው አልበሙም በዚያው ዓመት ወጣ። የሙዚቃው ሞቅታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ለንደን የሙዚቃዊ ቴአትር መድረክ ተሻገረ። በ2022 በ41 ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

አሁን ደግሞ ሌላ ስኮትላንዳዊ እንይ። ሊዮን ጃክሰን የዊትበርን ከተማ ልጅ ነው። ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። በታኅሣሥ 2007 በ18 ዓመቱ «ኤክስ ፋክተር» የተባለውን ሌላ የብሪታንያ የዘፈን ውድድር አሸነፈ፤ ያውም እንደሚያሸንፍ ሲጠበቅ የነበረውን ዌልሳዊውን ሪዲያን ሮበርትስን አልፎ። ሽልማቱ የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ የቀረጻ ውል ተባለ። ማራያ ኬሪና ዊትኒ ሂውስተን ከዓመታት በፊት አብረው ያቀነቀኑትን ዘፈን ዘፈነና የገና ሰሞን ቁጥር አንድ ሆነ። በ2008 አንድ አልበም አወጣ፤ አልበሙ ከአምስቱ ምርጥ ሽያጮች ውስጥ ገብቶ ነበር። በ2009 ኩባንያው አሰናበተው። ካሸነፈ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም!

ልጁ ድምፅ አልነበረውም እንዳትሉኝ። ያልነበረው ጊዜ ነው። በዚያን ሰሞን ገና ማን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚስማማው የሚያውቅበት ዕድሜ ላይ አልነበረም። ኩባንያው ደግሞ ቶሎ መሸጥ ነበረበት፤ ምክንያቱም በቀጣዩ የገና ሰሞን አዲስ አሸናፊ ይመጣል። ያንኑ ተመልካች፣ ያንኑ ገበያ ነው የሚሻማው።

እዚህ ላይ ግን ለዳሪየስ የማጨበጭበውን ያህል አንድ ነገር ይከነክነኛል። እምቢ ለማለት መደላደል ይጠይቃል። የሁለት ሐኪሞች ልጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢከስር የሚመለስበት ቤት አለው። ነገ ሱቅ ገብቶ ልብስ የሚያጣጥፍ የ18 ዓመት ልጅ ሚሊዮን የሚል ቃል ሰምቶ «ቆይ ላስብበት» ይበል? ስለዚህ «እንደ ዳሪየስ ጀግኑ» ብሎ ወጣቶቹን መምከር ቀሽም ምክር ነው። ጣት የሚቀሰረው አዘጋጁና ኩባንያው ላይ ነው። ከውሉ በፊት ገለልተኛ ጠበቃ ያቁሙላቸው። አሸናፊው በሳምንቱ ዘፈን ከሚያወጣ ለአንድ ዓመት ኑሮው ተሸፍኖለት ከዜማና ግጥም ደራሲዎች ጋር ይቀመጥ። በፍጻሜው ምሽትም ቢያንስ አንድ ዘፈን የተወዳዳሪው የራሱ ይሁን፤ ድምፅ የምንሰጠው ለምን እንደሆነ እናውቀዋለን። ጣቢያው ይህን ማድረግ ያከስረኛል ካለ፣ ከየስልክ ጥሪው የሚሰበስበውን ገንዘብ መጠን አስቀድሞ ለተወዳዳሪዎቹ ያሳያቸው።