ይደክማል እንጂ አይሰበርም

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የዜልዳ ጌሞች ዝነኛ ሰይፍ ማስተር ሶርድ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ በተባለው ጌም ተዋርዷል ይላል፤ የታሪክ ሰይፍ እንዴት ይደክማል ብሎ። እኔ አልስማማም። እዚያ ጌም ውስጥ አብዛኛው መሣሪያ ተሰባብሮ ያልቃል። ይሄ ግን ኃይሉን ሲጨርስ 10 ደቂቃ አርፎ ይመለሳል። ጉልበቱ በአዘቦቱ 30 ነው፤ ጋርዲያን የሚባሉት የጠላት ማሽኖች ፊት ሲቆም 60 ይገባል፣ ያበራልም። ለዋናው ጠላት የተሠራ ነው፣ ዛፍ ካልቆረጣችሁበት በቀር!

አወጣጡ ደግሞ እንዴት እንደሚያስጨንቅ! ሰይፉን ከተተከለበት ለመንቀል 13 ልብ (የሕይወት መለኪያ) ይጠይቃል። ካልሞላ ስትጎትቱ ልባችሁ አንድ በአንድ ይመጠጣል። ቢጫዎቹ ጊዜያዊ ልቦች አይቆጠሩም፣ ማጭበርበር የለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የዜልዳ ጌም ኦካሪና ኦፍ ታይም ጀግናው ሊንክ ሰይፉን ነቅሎ 7 ዓመት ተኝቷል። ከዚያ አንጻር 10 ደቂቃ መጠበቅ ምን አላት?