ሸክላው ከመሸጡ በፊት ይቀዳ

የአምሃ ሬከርድስ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በሙሉ፣ ምንም ሳይጨመቁ፣ በአንድ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይገባሉ። ሂሳቡ ይህ ነው፦ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ነጠላ ሸክላዎች 103 ናቸው። አንዱ ሸክላ በሁለቱ ገጾቹ ስምንት ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ይይዛል እንበል። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ በዌቭ ፋይል ሲቀዳ አንዱ ደቂቃ 35 ሜጋባይት ግድም ይወስዳል። ድምሩ 29 ጊጋባይት አይሞላም።

ስለዚህ ችግሩ የቦታ አይደለም። የገንዘብም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። ችግሩ ሸክላው ከቤት የሚወጣው አንድም ጥሩ ቅጂ ሳይቀርለት መሆኑ ነው። አባት ሲያልፉ ወይም ቤት ሲፈርስ ካርቶኑ ይወጣል፤ ከድሮ ዕቃ ጋር ተደባልቆ መርካቶ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ፓሪስ፣ ለንደን ወይም ቶኪዮ ሰብሳቢ ይሄዳል። መሸጡን አልቃወምም። ሸክላው የባለቤቱ ንብረት ነው፤ የውጭ ሰብሳቢዎችም ባይኖሩ ብዙ ነገር ጠፍቶ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳዩ አሳታሚ በቡዳ ሙዚክ በኩል ያወጣቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች፣ በተለይ በ1998 የወጣው የሙላቱ አስታጥቄ አራተኛው ቅጽ፣ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም ያሰሙት ከእነዚሁ ሸክላዎች ተነስተው ነው። ግን ተመርጦ የሚታተም ነገር ሁሌም ከሙሉው ጥቂቱ ነው። ሌላኛው ገጽ፣ ብዙ ያልተሸጠው፣ ስሙ ያልገነነው ዘፋኝ አሁንም ያለው በሰው ቤት ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከመሸጡ በፊት በደንብ ይቀዳ።

ይህ ሙዚቃ በሸክላ የታተመበት ጊዜ በጣም አጭር ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበር፣ አምሃ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያሳትም እገዳውን ደፍሮ ነው። ፊሊፕስም፣ የዓሊ ታንጎ ካይፋ ሬከርድስም በዚያው ዘመን ሠሩ። የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» በ1975፣ የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» በ1977 በካይፋ ወጡ። ከዚያ ካሴት ገበያውን ወሰደውና ሸክላ ቆመ። አሥር ዓመት እንኳን አልሞላም! ሙላቱ ኒውዮርክ ላይ በ1966 እና በ1972 ያሳተማቸውን፣ እዚህ በአምሃ በኩል በ1974 ያወጣውን የ«የካቲት»ን ሥራ ጨምረን ብንቆጥር እንኳን ዝርዝሩ በእጅ የሚያዝ ነው። ስለዚህ የአንዱ መጥፋት ትልቅ ጉድለት ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ቅጂ የሚበላሸው መርፌው ሸክላውን ከመንካቱ በፊት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ማጫወቻ 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ይገዛለታል። ይበራል፣ ይዞራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቴጁን እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ ፍሪኩዌንሲ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ 45 የነበረው ዙር አዲስ አበባ ላይ 37.5 ይሆናል፤ ሙዚቃው ከሦስት ሰሚቶን በላይ ይወርዳል (አንድ ሰሚቶን በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)፤ የሴት ድምፅ የወንድ መምሰል ይጀምራል። መፍትሔው ሞተሩ ላይ ያለውን፣ ቤልቱ የሚዞርበትን ፑሊ ለ50 ኸርዝ በተሠራው መቀየር ነው። በዲሲ ሞተር ወይም በኳርትዝ ቁጥጥር የሚሠሩ ማጫወቻዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ለእነሱ ትራንስፎርመሩ ይበቃል።

ሦስት ሰሚቶን ቢያንስ ይሰማል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይሰማው ነው። ሦስት በመቶ የፍጥነት ስህተት ግማሽ ሰሚቶን ያህል ነው፤ ጆሮ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ቅጂ እየሰማ አምባሰሉን ወይም ባቲውን በኖታ የሚጽፍ ወጣት ሙዚቀኛ ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ይቀራል። ይህን ለማረም ሙዚቃውን ከፒያኖ ጋር እያመሳሰሉ ፍጥነት መቀየር ትክክል አይደለም፤ ባንዱ ያን ቀን በስንት ተቃኝቶ እንደተጫወተ ማንም አያውቅምና። ፍጥነት የሚለካው ማጫወቻው ላይ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የስትሮብ ወረቀት፣ ማለትም ማጫወቻው ላይ አብሮ የሚዞር ባለ መስመር ክብ ወረቀት ነው፤ ለ50 ኸርዝ የተሠራው 33⅓ ዙር ላይ 180፣ 45 ዙር ላይ 133 መስመሮች አሉት፤ ከመብራት በቀጥታ በሚሠራ የኒዮን ወይም የድሮ አምፖል ብርሃን ሥር መስመሮቹ ቆመው ከታዩ ፍጥነቱ ልክ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የስትሮብ ወረቀት 216 እና 160 መስመር ስላለው እዚህ አይሠራም። ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎችም ብርሃናቸው ስለማይርገበገብ መስመሮቹን አያሳዩም።

የድምፁ ቁመት በእያንዳንዱ ዙር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የመሃሉ ቀዳዳ ከማዕከሉ ወጥቶ ተበስቷል። መርፌውን የያዘውን ክንድ ከላይ ሆነው ቢያዩት ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ትልቅ ቀዳዳ ያለው 45 ከሆነ ቀዳዳውን የሚሞላውን አዳፕተር አውጥቶ፣ ሸክላውን በጥቂቱ እየገፉ ክንዱ እስኪረጋ ማስተካከል ይቻላል። አድካሚ ነው፤ ግን ረጅም የሳክስፎን ኖታ ሳይዋዥቅ ሲሰማ ድካሙ ያስደስታል።

መርፌው ላይ ገንዘብ ባይቆጠብ እመክራለሁ። አሁን በየሱቁ ያሉት ሻንጣ መሳይ ርካሽ ማጫወቻዎች የሴራሚክ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) አላቸው፤ መርፌያቸው እስከ 5 ግራም ድረስ ይጫናል። ደህና ካርትሪጅ የሚፈልገው ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የቀረለትን ሸክላ በእንደዚህ ዓይነት ማጫወቻ ላይ ማዞር ሸክላውን መፋቅ ነው። የአልማዝ መርፌም ቢሆን ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ድረስ እንጂ ለዘላለም አያገለግልም። በመጠጥ ቤት የተዞሩ ሸክላዎች ትራምፔትና ሳክስ በአንድነት ሲነፉ የተሰነጠቀ ድምፅ ያሰማሉ፤ ያ ቆሻሻ ሳይሆን መርፌው የሚሄድበት መስመር ግድግዳ መበላት ነው፤ በማጠብ አይለቅም። እዚህ ላይ የሚረዳው ጫፉ ክብ ያልሆነ፣ ሞላላ ወይም ቀጭን መርፌ ነው፤ የድሮው መርፌ ያልነካውን የግድግዳ ክፍል ሊያገኝ ይችላል።

እጥበቱ ቀላል ነው፤ ስህተቱ ግን አይመለስም። ለአንድ ሊትር 800 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና ሁለት ጠብታ። ለስላሳ ብሩሽ ይዞ መስመሩን ተከትሎ በክብ ማሸት፣ ቀጥሎ በንጹህ ዲስትልድ ውሃ ብቻ ማለቅለቅ፣ አቁሞ ማድረቅ። የመሃሉ ወረቀት እንዳይርስ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ማዕድኑን መስመሩ ውስጥ ይተዋል፤ ያም መንጣጣት ይሆናል። ዲስትልድ ውሃ ለመኪና ባትሪ ከሚሸጥበት ሲገዛ አሲዱ እንዳይሆን ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው። ባለ 78 ዙሮቹ ከባድ ሸክላዎች ላይ ደግሞ አልኮል ጠብ ማለት የለበትም፤ የተሠሩበትን ሙጫ ያሟሟዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሄደው ያስቀዱት ዓይነት ሸክላ እጁ የገባ ሰው ይህን ይወቅ። ለእነሱ መርፌውም ሌላ ነው፤ የተለመደው መርፌ 18 ማይክሮን ያህል ሲሆን እነሱ 75 ግድም ይፈልጋሉ።

ሲቀዳ፣ ማጫወቻው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በፎኖ ፕሪአምፕ፣ ማለትም ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ በሚያጎላውና በሚያስተካክለው መሣሪያ በኩል ነው። እሱ ከሌለ ቤዙ ጠፍቶ ድምፁ ይሳሳል፤ ማጫወቻው ውስጡ ፕሪአምፕ እያለው ሌላ ከተጨመረበት ደግሞ ድምፁ ያብጥና ይሰነጠቃል። «ኡ» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ካለ የመሬት ሽቦው አልታሰረም። ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው ፕሮግራም መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዲሲቤል ላይ ይቁም። ሸክላው ሞኖ ቢሆንም በስቴሪዮ ይቀዳ፤ ከሁለቱ ግድግዳዎች አንዱ ብዙ ጊዜ ከሌላው ያነሰ ስለሚበላ በኋላ ንጹሁን መምረጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ፋይል ምንም ሳይነካ ይቀመጥ። ድምፅ የሚያጸዳ ፕሮግራም በብዛት ሲጫን መጀመሪያ የሚበላው ሲምባሉንና የቫይብራፎኑን ረጅም ጅራት ነው፤ ከሙላቱ ሥራ ላይ እነዚህ ከጠፉ ምን ይቀራል? ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ፎቶ ይነሳ፦ ሽፋኑ፣ መሃሉ ላይ ያለው ቁጥር፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቦታ የተጫረው ቁጥር። የባንዱን ማንነት የሚነግረን ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ነው።

የቀጥታ ዝግጅት ነገርም ከዚህ አይለይም። ባለ 45 ሸክላ አንዱ ገጹ አራት አምስት ደቂቃ ስለሆነ ሶሎዎቹ አጥረው ነው የታተሙት። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ በሂልተን ሌሊቱን ሲጫወቱ ያን ዜማ ምን ያህል ያረዝሙት እንደነበር በሸክላ አይሰማም። ዛሬም በአዲስ አበባ የጃዝ ምሽት ላይ ረጅሙ ሶሎ ተጫውቶ ይጠፋል። የጃዝ ክለቡ ጃዛምባ የነበረበት ጣይቱ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲቃጠል ያየነው መድረክ ራሱ ምን ያህል ዕድሜ እንደሌለው ነው። ሙዚቀኞቹ እስከፈቀዱ ድረስ ሁለት ማይክሮፎንና ባለ አራት መስመር መቅረጫ ይበቃል። ከሚክሰሩ ብቻ መቅዳት አያዋጣም፤ በትንሽ ክፍል ውስጥ ድራሙና የነፋስ መሣሪያው በራሳቸው ጉልበት ስለሚሰሙ ሚክሰሩ ላይ እምብዛም የሉም። ከሚክሰሩ ሁለት መስመር፣ ከመድረኩ ፊት ሁለት ማይክሮፎን፣ በኋላ ማዋሃድ።

መብቱን በተመለከተ፣ መቅዳትና ማሰራጨት አንድ አይደሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የራስን ሸክላ ለራስ ቀድቶ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ገንዘብ መሰብሰብ ግን የሙዚቀኛውን ቤተሰብ መጉዳት ነው፤ አልደግፈውም።

የምጠይቀው ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። አንድ ክፍል፣ ፍጥነቱ የተለካ አንድ ማጫወቻ፣ ሦስት ዓይነት መርፌ፣ ፕሪአምፕ፣ ኮምፒውተር፣ ሥራውን የተማሩ ሁለት ሰዎች። ሸክላ ያለው ሰው ጠዋት አምጥቶ፣ አስቀድቶ፣ ከሰዓት ሸክላውንና የራሱን ቅጂ ይዞ ይሂድ፤ አንድ ቅጂ እዚያ ይቅር። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉት ወገኖቻችን ሸክላቸውን እዚያው በዚሁ መንገድ ቀድተው ፋይሉንና ፎቶውን ቢልኩ ይበቃል፤ ሸክላውን በፖስታ መላክ አያስፈልግም።