20,000 ሰው የሞላው አዳራሽና ያልመጡት ሚሊዮኖች

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1939 ምሽት፣ በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 20,000 ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከመድረኩ በስተጀርባ የጆርጅ ዋሽንግተን ግዙፍ ምስል ቆሟል፤ በዙሪያው የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማና የናዚዎች ምልክት የሆነው ስዋስቲካ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ስብሰባውን የጠራው «የጀርመን አሜሪካውያን ቡንድ» የተባለው የናዚ ደጋፊዎች ማኅበር ሲሆን፣ መሪው ፍሪትዝ ኩን ንግግር እያደረገ ሳለ ወደ መድረኩ የወጣ የ26 ዓመት አይሁዳዊ የቧንቧ ሠራተኛ ፖሊስ እስኪያስጥለው ድረስ በማኅበሩ ጠባቂዎች ተደብድቧል። የዚያን ምሽት ፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ጀርመናውያን ልባቸው ከሂትለር ጋር ነበር ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እኔ ግን ድምዳሜው ስህተት ነው እላለሁ፤ ስህተቱም በንጹሐን ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

በ1936 የተመሠረተው ቡንድ፣ ከፍተኛ በሚባለው ግምት እንኳ ከ25,000 እምብዛም የሚበልጡ አባላት አልነበሩትም። በአንጻሩ በጀርመን የተወለዱ ወይም ወላጆቻቸው ከዚያ የመጡ አሜሪካውያን በሚሊዮኖች ይቆጠሩ ነበር። አብዛኞቹ የማኅበሩ አባላት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የጀርመንን ሽንፈትና የገንዘብ ግሽበት ቀምሰው የተሰደዱ ናቸው። ኩን ራሱ በጦርነቱ የተዋጋ የሙኒክ ሰው ነበር፤ በሜክሲኮ አቋርጦ ዲትሮይት ከገባ በኋላ በፎርድ ኩባንያ በኬሚስትነት ሠርቷል። እነዚህ ሰዎች የደረሱበት አገር ደግሞ ጀርመንኛ መናገር ካሳፈረ ብዙ ዓመት ያልሞላው አገር ነበር፤ በ1918 በኢሊኖይ ኮሊንስቪል ከተማ አንድ ጀርመን ተወላጅ በመንጋ ተሰቅሎ ተገድሏል። ቡንድ ለተዋረደና ብቸኝነት ለበላው ሰው መዝሙር፣ የደንብ ልብስ፣ ለልጆቹም የበጋ ካምፕ አዘጋጀለት። በሎንግ አይላንድ ያፋንክ በነበረው ካምፕ ሲግፍሪድ አጠገብ በሂትለር ስም የተሰየመ መንገድ ሳይቀር ነበር። የአይሁድ ጥላቻው በዚህ ሞቅ ባለ ቤተሰባዊ ድባብ ተጠቅልሎ ይቀርብ ስለነበር፣ ጉዳዩን በጥቂት እብዶች አሳብቦ ማለፍ አይቻልም።

ነገር ግን ቀደም ብለው የመጡ ጀርመናውያን ስደተኞች ያቆሟቸው ተቋማት በቡንድ ላይ በር ዘግተዋል። በ1933 የቡንድ ቀዳሚ የነበረው ድርጅት መሪ ሃይንዝ ሽፓንክኖበል፣ በኒው ዮርክ አንጋፋ ወደነበረው የጀርመንኛ ጋዜጣ ወደ «ሽታትስ ሳይቱንግ» ቢሮ ሄዶ ጋዜጣው ለናዚዎች እንዲያደላ ሲያዝ፣ ባለቤቶቹ የሪደር ወንድማማቾች አባረውታል። በዊስኮንሲን ደግሞ የጀርመን አሜሪካውያን ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ቡንድ ይገለገልበት የነበረውን የካምፕ ቦታ ቀድሞ ተከራይቶ ከእጁ ነጠቀውና «ሂንደንቡርግ» የነበረውን ስም በካርል ሹርዝ ለወጠው። ሹርዝ ከ1848ቱ የጀርመን አብዮት በኋላ ተሰዶ በአሜሪካ ለሴናተርነትና ለሚኒስትርነት የበቃ ጀርመናዊ ነው። ለእኔ ከማዲሰን ስኩዌሩ ፎቶግራፍ ይልቅ ይህ የኪራይ ውል ስለ ማኅበረሰቡ የበለጠ ይናገራል።

በርሊንም ብትሆን ለእነ ኩን አልሆነችም። ኩን በ1936ቱ ኦሎምፒክ ሰሞን ከሂትለር ጋር የተነሳውን ፎቶ እንደ ሹመት ደብዳቤ ይዞ ቢዞርም፣ ጩኸቱ ከዋሽንግተን ጋር የነበራትን ግንኙነት ያበላሸባት ጀርመን በ1938 ዜጎቿ ከቡንድ እንዲወጡ አዘዘች። ሰውዬውን የጣለው ግን በ1939 መጨረሻ የማኅበሩን ገንዘብ በመስረቅ የተፈረደበት ፍርድ ነው። በ1943 ዜግነቱን ተገፎ፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጀርመን ተባሮ በ1951 ሙኒክ ውስጥ ሞተ።

ጀርመናዊ ሁሉ ናዚ ነው የሚለው ጥርጣሬ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም፤ ዕዳውን ንጹሐን ከፈሉት። ከጀርመን ውጭ ትልቁ የናዚ ፓርቲ ቅርንጫፍ በነበረባት ብራዚል አባላቱ 3,000 እንኳ አይሞሉም ነበር። ሆኖም የጌቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት ከ1938 ጀምሮ ፓርቲውን ብቻ ሳይሆን፣ ለትውልዶች በጀርመንኛ ያስተማሩ የገበሬ መንደር ትምህርት ቤቶችንም ዘጋ። አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ 11,000 ያህል የጀርመን ተወላጆችን አሰረች፤ ከላቲን አሜሪካ አገሮችም ከ4,000 በላይ ጀርመናውያን ተይዘው እንዲመጡላት አደረገች። በእርግጥ ከታሳሪዎቹ መካከል እውነተኛ ናዚዎች ነበሩ። ከሂትለር ሸሽተው ላቲን አሜሪካ የደረሱ አይሁዶችም ነበሩ፤ ጀርመናዊ ተብለው፣ ከሂትለር ደጋፊዎች ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ተቆለፈባቸው።