ጉዳዩን ይዞ የሚጨርስ አንድ ሰው ይኑር!

ዕቃ ይበላሻል፣ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፣ ሲስተም ይወድቃል። ያለ ነው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። እኔን የሚያንገበግበኝ ለደንበኞች አገልግሎት በደወልኩ ቁጥር ታሪኩን ከሀ መጀመሬ ነው።

ደውለህ ሁሉንም ታስረዳለህ፦ መቼ እንደከፈልክ፣ ስንት እንደተቆረጠብህ፣ ምን የሚል መልእክት እንደደረሰህ። ሠራተኛው በትዕግሥት ያዳምጥሃል፣ ኪቦርዱን ሲመታ እንኳ ይሰማሃል። «ለሚመለከተው ክፍል ላገናኝዎት» ይልና ሙዚቃው ይቀጥላል። ሙዚቃው ሲያበቃ ሌላ ሠራተኛ ታነሳና «ምን ልርዳዎት?» ትልሃለች። እንዴ! ያ ሁሉ ሲጻፍ የነበረው የት ገባ?

እሷን አልቆጣም፤ እውነቴን ነው። በብዙ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ የሚመዘነው አንዱን ጥሪ በስንት ደቂቃ እንደጨረሰ ነው። ደቂቃ እየተቆጠረበት ማስታወሻ አስተካክሎ የሚጽፈው መቼ ነው? «የክፍያ ቅሬታ አለው» ብሎ ያልፋል። ሦስት ቃል! ደረሰኙን መላኬን፣ ገንዘቡ ይመለሳል ተብሎ ቃል እንደተገባልኝ ተቀባዩ ከየት ይወቀው? ተጠያቂዎቹ ይህን መለኪያ ያወጡት አለቆች ናቸው።

ዝምታው ደግሞ ይብሳል። «በ24 ሰዓት ውስጥ እናሳውቅዎታለን» ይሉሃል፤ ሰዓቱ ያልፋል፣ የሚደውል የለም። ገና ከሆነ «ገና ነው» በሉኝ፣ እሱም እኮ መልስ ነው! በመጨረሻ «ጉዳይዎ ተፈትቶ ተዘግቷል፤ አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ» የሚል መልእክት ይመጣል። ማን ፈታው? ማንን ጠይቃችሁ ዘጋችሁት?

መላው ጠፍቶ አይደለም። አይኤስኦ 10002 የሚባለው የቅሬታ አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ ከወጣ ቆየ፤ የመጀመሪያው እትሙ እ.ኤ.አ. የ2004 ነው። ቅሬታው መድረሱ ወዲያው ለባለቤቱ ይነገረው፣ እስከ ውሳኔው ድረስ ክትትል ይደረግበት፣ የት እንደደረሰም በየጊዜው ይገለጽለት ይላል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው የከበዳችሁ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወደ ሌላ ክፍል የሚያስተላልፈኝ ሰው ስልኩን ከመልቀቁ በፊት ለተቀባዩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረክብ፤ እኔም መስመሩ ላይ ሆኜ ልስማ፣ የተሳሳተ ካለ ላርም። ጉዳዩ በአንድ ሠራተኛ ስም ይመዝገብ፣ እሱ ፈረቃው ካለቀ ማን እንደተረከበው ይነገረኝ። ገንዘቤ ተመልሶልኝ እንደሆነ ሳትጠይቁኝ ደግሞ «ተፈትቷል» አትበሉ።