መኪናው ሲጣራ ማን ይሰማዋል?

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እዚህ አውሮፓ የበረዶ ወቅት ነበር። ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ መታጠፊያ ላይ መኪናዬን አዳለጣት። ፍሬን ያዝኩ፣ አልቆመችም። መሪውን ወዲያም ወዲህም ብል የሚታዘዝልኝ የለም። ከመንገድ ወጥታ ቦይ ውስጥ ገባች። ኤርባጉ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ጆሮዬ ጭው አለ። መኪናው ውስጥ ነጭ ብናኝ ይበናል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

እዚያው ደንዝዤ እንደተቀመጥኩ ከጣሪያው በኩል የሴት ድምፅ መጣ። «ይሰሙኛል? ተጎድተዋል? ከእርስዎ ጋር ሌላ ሰው አለ?» ስልኬ ከወንበሩ ሥር ገብቷል። እኔ ለማንም አልደወልኩም። የደወለችው መኪናዋ ናት። ሴትዮዋ የት እንዳለሁ እንኳ አልጠየቀችኝም፣ ታውቃለች። አምቡላንሱ እስኪደርስ ድረስ መስመሩን አልዘጋችም። «ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ እስቲ። እግርዎንስ?» እያለች አብራኝ ቆየች። አንድ የጎድን አጥንት ተሰንጥቆብኝ ተረፍኩ። ፈጣሪ ይመስገን።

ይህ ነገር ኢኮል ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2018 ወዲህ ፈቃድ የሚያገኝ አዲስ የመኪና ሞዴል ሁሉ ይህ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ኤርባግ ሲፈነዳ መኪናው ራሱ 112 ወደሚባለው የአደጋ ጊዜ ቁጥር ይደውላል። ቦታውን፣ ሲሄድበት የነበረውን አቅጣጫ፣ ሰዓቱንና የሻንሲ ቁጥሩን ይልካል። ከዚያ መስመሩን ለወሬ ይከፍታል። ሰው ራሱ ከፈለገም ጣሪያው ላይ ያለችውን ቀይ አዝራር ተጭኖ መጥራት ይችላል። በሌላ ጊዜ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ሥርዓት መኪናን ሁልጊዜ መከታተል በሕግ ተከልክሏል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው መኪና ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው። ልማድ ሆነብኝ።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት አገር ቤት ሄድኩ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ሊቀበለኝ መጣ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ላይ ያሉት መኪኖች መልካቸው ተለውጧል። ድምፅ የላቸውም፣ ጭስ የላቸውም። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። ወንድሜም እንደ ልጁ ነው የሚንከባከበው።

መኪናው የተሠራው ለቻይና ገበያ ነው። ከመሪው አጠገብ ጀምሮ እስከ ተሳፋሪው ድረስ የተዘረጋ ትልቅ ስክሪን አለው። ያለው ጽሑፍ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ወንድሜ የቱ ምን እንደሆነ የሚያውቀው በቦታው ነው። «ይቺን ሁለቴ ስትነካት ኤሲው ይመጣል። እዚህ ጥግ ላይ ያለችው ደግሞ መስታወት ማሞቂያ ናት» እያለ አስጎበኘኝ። እየነዳ ነው ይህን የሚያደርገው። ዓይኑ መንገዱን ትቶ ስክሪኑ ላይ በሄደ ቁጥር እኔ እጀታውን ጨበጥ አደርጋለሁ። በነገራችን ላይ ይህ የስክሪን ጣጣ ቋንቋውን የሚያውቀውንም ሰው ያስቸግራል። የመኪኖችን ደኅንነት እየፈተነ ኮከብ የሚሰጠው ዩሮ ኤንካፕ፣ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ እንደ ፍሬቻ፣ ክላክስና ዝናብ መጥረጊያ ያሉት ነገሮች በእጅ የሚነካ የራሳቸው ማዘዣ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ እንደማይሰጥ ያሳወቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

መንገድ ላይ ሳለን ስክሪኑ ጢጥ አለና አንድ ብጫ ጽሑፍ ብቅ አለ። ወንድሜ በጣቱ ነካ አድርጎ አጠፋው።

«ምን አለ?»

«እንጃ። ከሦስት ቀን ወዲህ እንዲህ ይላል።»

እንደገና ሲመጣ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁትና በትርጉም አፕ አስነበብኩት። «የኋላ ቀኝ ጎማ አየር ቀንሷል» ይላል። ዳር ይዘን ወረድን። የአውራ ጣቴን የሚያህል ሚስማር ጎማው ውስጥ ተሰክቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቹን ከኋላ ጭኖ በዚህ ጎማ ትምህርት ቤት ሲያመላልስ ነበር። መኪናው ሥራውን ሠርቷል። ችግሩን አይቷል፣ ተናግሯል፣ ደጋግሞም ተናግሯል። የተናገረው ግን ወንድሜ በማይሰማው ቋንቋ ነው።

ጣሪያውን አየሁ። አዝራሯ አለች። ሽፋኗን ከፍቼ ተጫንኩ። ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፣ ከዚያ ጠፋች። ድጋሚ ሞከርኩ። ያው ነው። እኔ ጋ የመለሰችው ሴትዮ እዚህ የለችም። ውስጡ ያለው ሲም የሚፈልገው የቻይናን ኔትወርክ ነው። ጥሪውን የሚቀበል ማዕከልም ካለ ያለው እዚያው ነው።

«አፑስ? ስልክህ ላይ ጭነኸዋል?» አልኩት።

«አፑ ያለው መካኒኩ ስልክ ላይ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናውን ለማስመዝገብ አፑ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ወንድሜ የለውም። ኤሌትሪኩን የሚያየው ልጅ ግን በሰው በኩል አንድ አለው። በሱ ከፈተለት። እናም የወንድሜ መኪና የት እንደቆመ፣ ባትሪው ስንት እንደቀረው፣ በሩ መቆለፉን የሚያየው ያ ልጅ ነው። ከፈለገ ከተኛበት በሩን መክፈት ይችላል። ወንድሜ «ታማኝ ልጅ ነው» አለኝ። አምናለሁ። ግን የስንት ሰው መኪና በዚያ ስልክ ውስጥ አለ? ስልኩ ቢሰረቅስ? ልጁ ነገ ሥራ ቢቀይርስ?

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እዚህ አውሮፓ መኪናን በኮምፒውተር ስለመጥለፍ ብዙ ይወራል፤ እኔም አነባለሁ። የዛሬ መኪና ውስጥ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ተበታትነው ይሠራሉ፣ ብዙዎቹ ላይ ከ70 ያልፋሉ። አንዱ ፍሬኑን፣ አንዱ መሪውን፣ አንዱ በሩን፣ አንዱ ኤርባጉን ይቆጣጠራል። የሚነጋገሩበት መስመር ካን ባስ ይባላል። የጀርመኑ ቦሽ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ያኔ መኪና ከራሱ ቆርቆሮ ውጭ ካለው ዓለም ጋር አይገናኝም ነበር። ስለዚህ በመስመሩ የሚያልፈውን መልእክት «ላኪህ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በቤተሰብ መሀል መታወቂያ አይጠየቅማ። በኋላ ግን በዚያው ቤት ላይ የኢንተርኔት በር ተከፈተ።

ምን ሊመጣ እንደሚችል የታየው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች፣ ቤት ውስጥ ላፕቶፓቸውን ይዘው ተቀምጠው አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ ጂፕ ቼሮኪ ተቆጣጠሩ። የገቡት በሬዲዮና በስክሪን ክፍሉ በኩል ነው። ኤሲውን ለቀቁት፣ ሙዚቃውን አስጮሁት፣ ዝናብ መጥረጊያውን አስነሡት። በመጨረሻ ኃይሉን ቆረጡት። ሹፌሩ ፈቅዶ የገባ ጋዜጠኛ ነበር። ነዳጅ ቢረግጥም መኪናው ፍጥነቱ ይወርዳል እንጂ አይሄድለትም። አምራቹ 1.4 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠራ።

በሩ ከዚያ ወዲህም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች በኪያ ድረ ገጽ ላይ ቀዳዳ አገኙ። የታርጋ ቁጥር ብቻ ይዞ የብዙ መኪኖችን በር መክፈትና ሞተራቸውን ማስነሣት ይቻል ነበር። ለኩባንያው ነገሩት፣ ተደፈነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ የፎልክስቫገን ግሩፕ 800,000 ያህል የኤሌክትሪክ መኪኖች መረጃ ያለ በቂ ጥበቃ ተቀምጦ ተገኘ፤ የብዙዎቹም መኪኖች መዋያና ማደሪያ አብሮ አለበት። ያጋለጠው የጀርመኑ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ ነው። አሜሪካ ውስጥም የጄኔራል ሞተርስ መኪና የያዙ ሰዎች ኢንሹራንሳቸው ሲጨምር ምክንያቱን ሲያጣሩ፣ ፍሬን ስንቴ በኃይል እንደረገጡ ሳይቀር የአነዳዳቸው መረጃ ተሸጦ አገኙት። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025 ላይ ኩባንያው እንዲህ ያለውን መረጃ የሸማቾችን መረጃ ሰብስበው ለሌላ ለሚያቀብሉ ድርጅቶች ለ5 ዓመት እንዳይሰጥ የሚያግድ ውሳኔ አሳወቀ።

እነዚህን ወሬዎች ሳነብ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። እዚህ ውጭ አገርም መኪናው ይሳሳታል፣ ኩባንያውም ያጠፋል። ግን ሲያጠፋ የሚጮህ ማኅበር አለ። መኪናውን ለጥገና የሚያስጠራ መሥሪያ ቤት አለ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ሶፍትዌርም መኪናው ደጃፍ ላይ እንደቆመ ይመጣል። ቴስላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ላይ የራስ መንጃውን ሥርዓት ለማረም ሲስማማ፣ እርማቱ የሄደው በኢንተርኔት ነው። ማንም ጋራዥ ድረስ አልሄደም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው ደንብ ቁጥር 155 ደግሞ መኪና አምራቾች የሳይበር ደኅንነትን እስከ መኪናው ዕድሜ እንዲከታተሉ ያስገድዳል። አውሮፓ ውስጥ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለአዲስ መኪኖች ሁሉ ይሠራል።

ውጭ አገር ሁሉ ነገር ሙሉ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የ3ጂ ኔትወርክ ሲዘጋ፣ ብዙ መኪኖች አደጋ ሲደርስ የሚደውሉበት መስመር አብሮ ጠፋ። መኪኖቹ ደኅና ናቸው፣ አዝራሩም አለ፣ መልስ ግን የለም። ልክ እንደ ወንድሜ። ሰዎቹ ግን ቢያንስ ተነግሯቸዋል። ወንድሜ ግን አዝራሯ ምን እንደምትሠራ ራሱ አያውቅም ነበር።

እንዲያም ሆኖ ወንድሜን «መኪናውን ሽጠው» አላልኩትም። አልልም። ፊት ለፊት ያለው መኪና ድንገት ሲቆም በራሱ የሚይዝ ፍሬን አለው። አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይህ ነገር ያላቸው መኪኖች የፊተኛውን ከኋላ የሚገጩት በግማሽ ቀንሶ አግኝቶታል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። እንዲህ ያለ ፍሬን የእኛ ሰው ላይ ሲደርስ ደስ ይለኛል። ከፍሬኑ ጋር ግን የሚያስፈልጉት ሁሉ አብረው አልመጡም። የእኔ ቅሬታ ይሄ ነው። መኪና ሲገባ የጎማውና የባትሪው ነገር ይታያል። ማስጠንቀቂያው አሽከርካሪው በሚገባው ቋንቋ መሆኑስ? ሶፍትዌሩን ማን ያድሰዋል? አካውንቱ በማን ስም ነው? ይህን መጠየቅ ትልቅ በጀት አይፈልግም። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚፈልገው።

ሕግ ሙሉ በሙሉ የለም ማለትም አይቻልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰው የት እንደዋለና የት እንዳደረ የግል መረጃው ነው። መኪና ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አዋጁ መኪና ውስጥም መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከመመለሴ በፊት ከወንድሜ ጋር ሆነን መካኒኩ ጋ ሄድን። ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ። ስልኩን አውጥቶ አሳየን። የመኪኖች ዝርዝር ወደ ታች ቢሳብ ቢሳብ አያልቅም። ባለቤቶቹን በስም ሳይሆን በቀለም ነው የጻፋቸው፦ ነጩ፣ ግራጫው፣ ሰማያዊው። «እኔም ጨንቆኛል» አለን። «ሌሊት ሌሊት ይደውሉልኛል፣ በር ተቆልፎብን ነው ክፈትልን እያሉ። ስልኬን ጥዬ መተኛት አልቻልኩም።» እሱን መውቀስ አልቻልኩም። ኩባንያ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ አንድ ልጅ በአንድ ስልክ ተሸክሞታል።

ስክሪኑን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይር ሶፍትዌር እንዳለ ነገረን። እኔ ግን ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። ከኢንተርኔት ያወረደው ነው፣ ማን እንደሠራው አያውቅም። ፍሬንና መሪ ያሉበት መስመር ጋ የሚደርስ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጫን አስፈራኝ። ወንድሜ እንዲቆይ ለመንኩት። በምትኩ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቼ፣ ትርጉማቸውን በአማርኛ ጽፌ፣ በላስቲክ አሽጌ ከመሪው አጠገብ ለጠፍኩለት። ጎማ። ፍሬን። ባትሪ። ኤርባግ።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ስክሪኑ ጢጥ ሲል ወረቀቷን አይቶ የፍሬን ዘይት መሆኑን አውቋል፣ ዕለቱን አስሞልቷል። አካውንቱ ግን አሁንም መካኒኩ ስልክ ላይ ነው። አዝራሯንም ሞክሯት ነበር። ብልጭ ድርግም ብላ ጠፋች።