ማስተካከያ፦ ፑቲሎቭ ፋብሪካውን ገዛው እንጂ አልመሠረተውም

በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ስላለው የፑቲሎቭ የብረታ ብረትና የማሽን ፋብሪካ ቀደም ሲል ስጽፍ «ኒኮላይ ፑቲሎቭ በ1868 መሠረተው» ብያለሁ። ተሳስቻለሁ፤ በዚያ ዓመት የገዛው ነባር ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ይፋዊ ታሪክ እንደሚለው፣ በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ጳውሎስ ትእዛዝ በ1801 የመንግሥት ብረት ማቅለጫ ሆኖ ተቋቋመ፤ መጀመሪያ ያወጣውም የመድፍ አሎሎ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ስህተቴ ከፋብሪካው ዕድሜ 67 ዓመት ቆርጧል። ከናፖሊዮን ወረራ በፊት የተጀመረውን ሥራና በ1824ቱ ታላቅ ጎርፍ የደረሰበትን ውድመትም ከታሪኩ አውጥቷል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ፋብሪካው ስላመረተው የ1902 ሞዴል ባለ 76 ሚሊሜትር መድፍና ከ1934 ወዲህ በሶቪየቱ ፖለቲከኛ በኪሮቭ ስም ስለመጠራቱ የጻፍኩት ግን ትክክል ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ ያጋራችሁት ይህንንም እንድታጋሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።