ሹፌሩ እንዴት ዋለ?

ስለ ላፕቶፔ ለጓደኛዬ በስልክ እያማረርኩ ነበር። «ድራይቨሩ በቀን አራት ጊዜ ክራሽ ያደርጋል» አልኩት። ይህን ስል እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። እጇ ደረቷ ላይ ነው።

«ውይ በሞትኩት! ሰው ተጎዳ?»

«ማንም አልተጎዳም እማዬ።»

«ሹፌሩስ?»

«እሱማ ወዲያው ይነሳል።»

«በቀን አራቴ ተጋጭቶ? መንጃ ፈቃዱን አይነጥቁትም እንዴ!»

ስልኩን ዘግቼ ማስረዳት ያዝኩ። ይሄኛው ድራይቨር ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው አልኳት። ኮምፒውተሩ «ይህን ምስል ሣል» ሲል ትእዛዙን ግራፊክስ ቺፑ በሚገባው ቋንቋ የሚያደርስ። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ አስተርጓሚ አትሉትም ነበር?» አለችኝ። ምን ይመለሳል? እውነትም የሚነዳው ነገር የለም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹፌር ማለቷን አልተወችም።

አወዳደቁ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ስክሪኑ ድርግም ይላል። ሙዚቃው ግን ይቀጥላል፤ ጨለማ ውስጥ ይዘፈናል። ትንሽ ቆይቶ ብርሃኑ ይመለስና ጥግ ላይ አንዲት አጭር መልእክት ትወጣለች። የማሳያው ድራይቨር ምላሽ መስጠት አቁሞ ነበር፣ አሁን አገግሟል ትላለች። በቃ። ምክንያት የለ፣ ይቅርታ የለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ቀጠሮ ላይ ገትሮህ ይቀርና በማግስቱ «ትንሽ ተይዤ ነበር፣ አሁን ነፃ ነኝ» ይልሃል። እሱ ነፃ ነው። የኔ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ግን አላገገመም። ከነሥራዬ እንደተዘጋ ቀረ።

በኋላ ነገሩን ሳጣራ ግን አፈርኩ። ዊንዶውስ ቪስታ ከተባለው ዕትሙ ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ ግራፊክስ ቺፑን ሰዓት ይዞ ነው የሚጠብቀው። የሰጠው ሥራ 2 ሰከንድ አልፎት ቺፑ ካልተላቀቀ «ይሄ ደርቋል» ብሎ ከነድራይቨሩ እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ቢሆን ብዙ ጊዜ ማሽኑ በሙሉ ደርቆ ይቀርና የኃይል ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት ነበር። ስለዚህ ያ ጥቁር ስክሪን በሽታው አይደለም፣ እርዳታው ነው። ለካ ስሰድበው የከረምኩት አምቡላንሱን ነው!

ያም ሆኖ 2 ሰከንድ! እኔ «መንገድ ላይ ነኝ» ያለኝን ሰው አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ እሱም ገና ከአልጋው አልወረደም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ከወደቀ ደግሞ የዊንዶውስ ትዕግሥት ጨርሶ ያልቅና ሁሉንም ነገር በሰማያዊ ስክሪን ዘግቶት ያርፋል።

እንግዲህ ላፕቶፕ ሲታመም ሐኪም ያልሆነ የለም። የመጀመሪያው አማካሪ «ሪስታርት አድርገኸዋል?» አለኝ፣ የተደበቀ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሁለተኛው ቫይረስ ነው አለ። እሱ የማውስ ባትሪ ቢያልቅም ቫይረስ ነው የሚል ሰው ነው። ሦስተኛው የአጎቴ ልጅ፣ ላፕቶፑን ከእጄ ነጥቆ ሬጅስትሪ የሚባለው የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር ማኅደር ውስጥ ገባና ያቺን 2 ሰከንድ ወደ 10 አሳደጋት። «ጊዜ ስጠው፣ እያጣደፍከው ነው» አለኝ። አሁን ስክሪኑ መጀመሪያ ድንጋይ ሆኖ ይቆማል፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው። ሞቱ አልቀረም፣ ጣሩ ረዘመ።

ማዘርቦርዱን፣ ቺፖቹ የተበየዱበትን ዋና ሰሌዳ፣ አውጥተህ ምድጃ ውስጥ ጨምረው ያለኝም አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሰውየው አልሳቀም። የተሰነጠቀው ብየዳ ሲግል ይያያዛል ብለው ይህን የሚያደርጉ ሰዎች በእርግጥ አሉ። ቢነሳም አይከርምም፣ ደግሞ ከዚያ ምድጃ ማን ይበላል? አመስግኜ ተሰናበትኩት።

እውነት ለመናገር አንዲት ልጅ ብቻ ቁም ነገር ነገረችኝ። «ክዳኑን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሰው» አለች። በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን የስክሪን ኬብል አለ። እሱ ከተጎዳ ክዳኑ በተነካ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። «ደግሞ ሌላ ስክሪን ሰካበት። በሌላው ላይ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የስክሪኑ ወይም የኬብሉ ነው» አለችኝ። ሞከርኩት። ክዳኑ ንጹሕ ነው። ሌላው ስክሪን ግን ከላፕቶፑ ጋር እኩል ጨለመ። ስክሪኔ ያለ ጥፋቱ ሲታማ ከርሟል ማለት ነው።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም! ሐኪም ፊት ሲቀርብ ትኩሳቱ ጥሎት እንደሚሄድ ልጅ፣ ቪዲዮውን እያሳየ፣ ጌሙን እያስኬደ በጨዋነት ዋለ። ጠጋኙ መጀመሪያ ላፕቶፑን፣ ቀጥሎ እኔን ትክ ብሎ አየ። «ምንም የለበትም» አለ። የትኛችንን እንደሆነ ግልጽ አላደረገም።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሹፌሩ እንዴት ዋለ?»

«ደህና ዋለ። ቤት ሲገባ ነው የሚያብሰው።»

«እኮ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ቆምኩ። ያን ሁሉ አማካሪ አነጋግሬ ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ነገሩ የጀመረው ድራይቨሩ በአፕዴት በተቀየረ ሰሞን ነው።

«የድሮውን መልሰዋ!» አለች። «የለመደው መንገዱን ያውቃል።»

ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው። ዲቫይስ ማኔጀር በሚባለው የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ቁልፍ አለ። የኔ ቁልፍ ግን ደብዝዞ አልጫን አለኝ፤ የድሮው ፋይል ከላፕቶፑ ላይ ተሰናብቷል። ስለዚህ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ፣ ገብቼ አዲሱን ከነሥሩ ነቀልኩት። በዚህ መሐል ዊንዶውስ አንድ ምትክ ሹፌር ያስቀምጥልሃል። አንደኛ ማርሽ ብቻ የሚያውቅ። ፊደሉ ይገዝፋል፣ መስኮቱን ስትጎትተው እየተንፏቀቀ ይከተልሃል፣ ቪዲዮ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ግን ያደርሳል። ከዚያ የላፕቶፑ አምራች ለዚሁ ሞዴል ብሎ ያስቀመጠውን የቀድሞውን ድራይቨር አውርጄ ጫንኩ። የአጎቴን ልጅ 10 ሰከንድም ወደ 2 መለስኳት።

አራቱ ውድቀት አንድ ሆነ። እሱም ማታ ማታ ብቻ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ስሠራ።

አንድ ምሽት እንደተለመደው ድርግም ሲል ጮክ ብዬ ተሳደብኩ። እናቴ መጣች። ምንም ሳትናገር የእጇን ጀርባ ከላፕቶፑ ሥር አስገባች፣ በልጅነቴ ግንባሬን እንደምትነካው።

«ይሄ ልጅ ነዷል!» አለች። «ደግሞ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝተኸዋል!»

እንግዲህ እዩት። ላፕቶፕ የሚለው ስም «ጭን ላይ» ከማለት የመጣ ነው። አየር የሚስብባቸው ቀዳዳዎች ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ከሥር ናቸው። ጭን ላይ ተቀመጥ ብሎ ስም አውጥቶ አፍንጫውን ሆዱ ላይ መሥራት! ብርድ ልብሱ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከፍቼ ሳየው ግራፊክስ ቺፑ 90 ዲግሪን አልፏል። ጠጋኙ ጋ ጨዋ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ነዋ የዋለው! በማግስቱ አጥፍቼ የታች ክዳኑን ስከፍት፣ በፋኑና ሙቀት በሚያወጡት ቀጫጭን ብረቶች መካከል አቧራው እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ብርድ ልብስ ከውጭም ከውስጥም ለብሶ ኖሯል።

አቧራውን አነሳሁለት። ጠረጴዛ ሰጠሁት። ከኋላ በኩል ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ከሥሩ አደረግኩለት። አሁን እሱ በክብር ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ እኔ ደረቅ ወንበር ላይ ጎብጬ እሠራለሁ። ስክሪኑ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጠፋም።

ትናንት እናቴ በበሩ አልፋ ስትሄድ ቆም አለች።

«ለመሆኑ ስንት ነው የምትከፍለው?»

«ለማን?»

«ለሹፌሩ።»

«ድራይቨር በነፃ ነው እማዬ። ከአምራቹ ድረ ገጽ ዝም ብሎ ይወርዳል።»

ትንሽ ዝም አለች።

«እንግዲያው በቀን አራቴ ብቻ መውደቁ ጨዋ ቢሆን ነው» ብላ ሄደች።